ከሩቅ የሚመጣ ፈውስ፣ ከሩቅ የሚመጣ በሽታ

ቢሮ የምንውል ሰዎች ነገሩን እናውቀዋለን። ኮምፒውተራችን ይንቀራፈፋል፤ ለአይቲ ክፍል እንደውላለን። ማንም ሳይመጣ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ማሽኑም ይስተካከላል። የተላከው ስክሪፕት ነው፤ በተርታ የተጻፈ ትእዛዝ። ለአንድ ኮምፒውተር የሚላክ ለሺህም ይላካል። ለመሆኑ ነገሩ ስንት ዘመኑ ነው?

ወደ ኋላ ብንሄድ አሜሪካ፣ ፓሎ አልቶ የነበረውን የዜሮክስ ምርምር ማዕከል እናገኛለን። ጆን ሾክ እና ጆን ሃፕ የተባሉ ተመራማሪዎች በኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዘዋወር ፕሮግራም ሠሩ፤ «ትል» አሉት። ክፋት አልነበረበትም። አንደኛው ዓይነት ጭራሽ የኔትወርኩን ጤና የሚመረምር ነበር። አንድ ማታ ግን ለሙከራ ትንሽ ትል ለቀው ሄዱ። ጠዋት ኮምፒውተሮቹ ቆመው ተገኙ። አንዱን ሲያስነሱት ትሉ ይገባና መልሶ ይጥለዋል። ደግነቱ ማቆሚያ አስቀድመው አበጅተው ነበር፤ በኔትወርኩ «ቁም» የሚል መልእክት ላኩ። ትሉ ቆመ፤ በሕንፃው ውስጥ ግን መቶ ያህል ማሽን ተዘርሮ ቀረ። ጉዳቸውን ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፈው አሳተሙት።

ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ ማሽኖች ስህተት ያለበት ፋይል ላከ። ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተጎድተዋል። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጎለ።

በሽታው የመጣው በኔትወርክ ነው። መድኃኒቱስ? መነሳት ያቃተው ኮምፒውተር ምን ትእዛዝ ይቀበላል? ስለዚህ ባለሙያዎች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ማሽኖቹን በሴፍ ሞድ አስነስተው ፋይሉን በእጃቸው አጠፉ። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ማስገባት ነበረባቸው።

ኩባንያው ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ፋይል መጀመሪያ ለጥቂት ማሽኖች፣ ቀስ በቀስ ለሌሎቹ እንደሚልክ አስታወቀ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው። እኛም የአይቲ ሰዎቻችንን ልንጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ትእዛዙ መጀመሪያ በስንት ማሽን ተሞከረ? ቢበላሽስ፣ «ቁም» የሚለው መልእክት በማን እጅ ነው?