መቺ የሌለው ኦርጋን

በሆላንድ አገር በኡትሬክት ከተማ መካከል ቡርኬርክ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚህ ቤት ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ እኅት ቤርትከን የተባለች ባሕታዊት ደጅዋን አዘግታ 57 ዓመት በጸሎት ኖራ በ1514 ዓረፈች። የደረሰቻቸው ጸሎቶችና መዝሙሮችም ከሞተች በኋላ ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ዛሬ ግን በዚያ ቤት የሚሰማው የባሕታዊቷ መዝሙር አይደለም። ከ1984 ጀምሮ ቤቱ የሰው ጣት ሳይነካቸው የሚዘምሩ የዜማ ዕቃዎች ቤተ መዘክር ሆኗል፤ ደወል ያላቸው ሰዓቶች፥ ዋሽንት የሚነፉ ሣጥኖች፥ በየመንገዱ በጋሪ ይገፉ የነበሩ ትልልቅ ኦርጋኖች በዓምዶቹ መካከል ቆመው ይታያሉ፤ አስጐብኚውም ባንቀሳቀሳቸው ጊዜ ድምፃቸው ቤቱን ይሞላዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚወዱ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ማኅበር አቁመዋል፤ በአሜሪካ አገር አንዱ ማኅበር በ1949 ተመሠረተ። የዚህ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎችም በጓድ ሆነው ባሕር እየተሻገሩ፥ ስብስቦቹ ወዳሉበት ቤተ መዘክርና አሮጌዎቹ ኦርጋኖች ወደሚታደሱበት የጠቢባን ቤት እየዞሩ መጐብኘትን ልማድ አድርገዋል። ከኡትሬክት ተነሥቶ የራይንን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ በጀርመን ጥቁር ደን፥ ቀጥሎም በስዊስ አገር የዚህን ጥበብ ታላላቅ ስፍራዎች ያገኛል። በየደረሰበትም በልቡ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዘማሪ የሌለበት ዜማ ሕይወት አለውን? ወይስ ባዶ ድምፅ ነው? የጥበቡ ታሪክ ራሱ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለ።

ኦርጋን በግእዝ መጻሕፍት አርጋኖን የሚባለው ነው፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ድርሰት አርጋኖነ ማርያምም በዚህ የዜማ ዕቃ ስም ይጠራል። ኦርጋን ከወናፍ ነፋስ እየተቀበለ በብዙ ቧንቧዎች የሚያዜም ነው። በተለመደው ኦርጋን መቺው በጣቱ ሲጫን ክዳኑ ይከፈትና ነፋሱ ወደ ቧንቧው ይገባል። መቺ በሌለው ኦርጋን ግን የጣቶቹን ሥራ የሚሠራው ተሽከርካሪ የእንጨት በርሜል ነው። በበርሜሉ ገጽ ላይ ትንንሽ የናስ ችንካሮች እንደ ዜማው አካሄድ ይተከላሉ፤ ለአጭር ድምፅ አንድ ችንካር፥ ለረጅም ድምፅ ሁለቱ ጫፎቹ የተተከሉ እንደ ድልድይ ያለ ሽቦ ይደረጋል። ሰው መዘውሩን ሲያዞር ያው አንዱ መዘውር ወናፉን ይነፋል፥ በርሜሉንም ያሽከረክራል። ችንካሩ በተራው ሲመጣ የክዳኑን መክፈቻ ያነሣል፥ ቧንቧውም ይጮኻል። ዜማ ለመለወጥ በርሜሉን ወደ ጎን ጥቂት ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ ሌላ ረድፍ ችንካር ከመክፈቻዎቹ ሥር ይመጣልና። አንድ ችንካር ግን የፀጕር ያህል ከስፍራው ቢዛነፍ ዜማው ይሰናከላል። ስለዚህ ችንካር ተካዩ ዜማም ቍጥርም የሚያውቅ፥ እጁም የማይንቀጠቀጥ ሰው መሆን ነበረበት።

የዚህ ብልሃት መነሻ ከሩቅ ነው። በውሃ ግፊት ነፋስ የሚያገኘውን ኦርጋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ያስገኘው የእስክንድርያው ክቴሲቢዮስ ነው። በዘጠነኛውም መቶ ዓመት በባግዳድ የሙሳ ልጆች የተባሉ ሦስት ወንድማማች ሊቃውንት በራሱ የሚነፋ ዋሽንት የሚሠራበትን ጥበብ ጽፈዋል፤ ችንካር ያለው በርሜልም በጽሑፋቸው ተገልጿል። ወደ ፍራንኮች አገር ደግሞ ኦርጋን የገባው በነገሥታት ስጦታ ነው። በ757 የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ አምስተኛ ለፍራንኮቹ ንጉሥ ለፒፒን ኦርጋን ላከለት፤ የዚያ አገር ጸሓፊዎችም ነገሩን እንደ ታላቅ ድንቅ በታሪክ መዝገባቸው አኖሩት።

ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ስጦታው ወደ መጣበት ከተማ ተመለሰ። በ1599 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ በቍስጥንጥንያ ለነገሠው ለሱልጣን መሕመድ ሦስተኛ ሰዓት ያለበት፥ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚዘምር ኦርጋን ላከች። ዕቃውን ይዞ የሄደው ሠሪው ቶማስ ዳላም ነበረ፤ የጕዞውንም ነገር በየቀኑ ጽፏል። ሣጥኑ በተከፈተ ጊዜ በባሕሩ ሙቀት ሙጫው ለቆ፥ ቧንቧዎቹም ተጨማደው ተገኙ። ዳላም ግን ተስፋ ሳይቈርጥ አድሶ አቆመው። ሱልጣኑ በዙፋኑ ተቀምጦ ኦርጋኑ ራሱን ሲመታ ሰማ። ማንም ሳይነካቸው ከፍ ዝቅ የሚሉትንም መምቻዎች አይቶ፥ ይህን በእጁ ሊመታ የሚችል ሰው አለን ብሎ ጠየቀ። ዳላም ጀርባውን ለንጉሥ መስጠት በዚያ አገር በሞት የሚያስቀጣ መሆኑን ስላወቀ እየፈራ ቀርቦ መታለት፥ ወርቅም ተሸለመ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ንጉሡ በራሱ የሚዘምር ዕቃ በፊቱ ቆሞ ሳለ የፈለገው ሰው እንዲመታለት ነበረ።

በኦስትርያ አገር በሳልዝቡርግ ከተማ ላይ በቆመው ምሽግ ውስጥ ከ1502 ጀምሮ የኖረ አንድ ታላቅ ኦርጋን አለ። በሚጀምርበትና በሚጨርስበት ጊዜ ብዙ ቧንቧዎችን ባንድነት እያስጮኸ እንደ በሬ ስለሚያጓራ ሕዝቡ የሳልዝቡርግ በሬ ብሎ ሰየመው። ያሠራው የከተማዪቱ ገዥ የነበረው ሊቀ ጳጳስ ሌዎንሃርድ ፎን ኮይቻኽ ነው። ኋላም በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የታላቁ ሙዚቀኛ የሞዛርት አባት ሌዎፖልድ ሞዛርትና ኤበርሊን የተባለው ሙዚቀኛ ለዐሥራ ሁለቱ ወራት የሚሆን ዜማ አዘጋጁለት፤ ዜማዎቹም በ1759 ታተሙ።

ለዚህ ጥበብ መነኰሳትም ብዙ ደክመውለታል። አንግራሜል የተባለ የፈረንሳይ መነኵሴ በ1775 ዜማን በበርሜል ላይ ስለ መትከል መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል እንደሚቈይ፥ በድምፅና በድምፅ መካከልም ምን ያህል ዝምታ እንደሚገባ በመስፈሪያ ለክቶ አሳየ። በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት የመጻሕፍት ጠባቂ የነበረው መነኵሴ ፕሪሚቲፉስ ኒሜትስም ሃይድን የደረሰውን ዜማ የሚዘምሩ የዋሽንት ሰዓቶች ሠራ፤ በ1792ና በ1793 የተሠሩት እስከ ዛሬ ኖረዋል። የእነዚህ ሰዓቶች ዋጋ ከድምፃቸው ውበት ይልቅ በምስክርነታቸው ነው። የዜማ ጽሕፈት በወረቀት ላይ ቢቀር፥ ያን ዘመን ሰዎች በምን ያህል ፍጥነት ይመቱት እንደ ነበረ፥ ድምፁን እንዴት ያርገበግቡት እንደ ነበረ ሁሉን አይናገርም። በርሜሉ ግን ሃይድን በሕይወት ሳለ በወዳጁ እጅ የተተከለ ስለ ሆነ ያን ዘመን የሰማውን ያንኑ ይመልሳል። እርግጥ ሁሉም ሊቃውንት ዕቃውን አልወደዱትም፤ ሞዛርት በ1790 እንዲህ ላለ የሰዓት ኦርጋን ዜማ እንዲደርስ በታዘዘ ጊዜ የቧንቧዎቹ ድምፅ ቀጭንና የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነው ብሎ ለሚስቱ በደብዳቤ አማሯል። ቢሆንም እያማረረ የደረሰው ዜማ ዛሬ ከምርጥ ሥራዎቹ ይቈጠራል።

በመሳፍንት ቤት የነበረው ጥበብ በኋላ ወደ ድኻው ወረደ። በእንግሊዝ አገር ኦርጋን መቺ መቅጠር ያልቻሉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት መዝሙራቸውን በበርሜል ኦርጋን ይመሩ ነበር፤ መዘውር ማዞር የሚችል ሰው ከተገኘ ይበቃ ነበርና። በከተማም ሥራ ያጡ ሰዎችና በጦርነት አካላቸው የጐደለ ወታደሮች ትንሽ ኦርጋን በትከሻቸው አንግተው በየደጁ እያዞሩ ዕለታዊ እንጀራቸውን ያገኙ ነበር። በቴአትር ቤት የሚዘመረውን ዜማ፥ መግቢያ የሚከፍልበት ገንዘብ የሌለው ሕዝብ የሰማው በእነዚህ ሰዎች ነው። ነገር ግን ጸጥታ የሚወዱ ሰዎች ተነሡባቸው። ከእነርሱም ዋናው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ ነበረ፤ በ1864 የእንግሊዝ ምክር ቤት የጎዳና ሙዚቀኞችን የሚገድብ ሕግ ያወጣው በእርሱና በመሰሎቹ አቤቱታ ነው። በኒውዮርክም የከተማው ሹም ላጓርድያ ከ1936 ጀምሮ ኦርጋን አዟሪዎችን ከጎዳና ከለከለ።

በባቤጅ ነገር ውስጥ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ባቤጅ ያሰበው የሒሳብ መኪና ትእዛዝ የሚቀበለው በተበሳ ካርቶን ነበረ፤ ይህንም ብልሃት ያገኘው ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 ካወጣው የሽመና ዕቃ ነው። በፓሪስ የነበሩት የጋቭዮሊ ቤት ኦርጋን ሠሪዎችም በ1892 ከባዱን በርሜል ትተው እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ በተበሳ ካርቶን የሚዘምር ኦርጋን አወጡ። በበርሜል ላይ የሚተከለው ዜማ ጥቂት ነበረ፤ የካርቶኑ መጽሐፍ ግን የፈለጉትን ያህል ይረዝማል፥ ዜማ ባረጀ ጊዜም መጽሐፉን ብቻ መለወጥ ይበቃል። እንግዲህ ባቤጅ የጠላው ኦርጋንና ባቤጅ የወደደው መኪና ከአንድ ሸማኔ ቤት የተማሩ ወንድማማች ሆኑ።

በጥቁር ደን ውስጥ የምትገኘው ቫልድኪርኽ ትንሽ ከተማ ናት፤ በኦርጋን ግን በዓለም ሁሉ ታወቀች። ኢግናጽ ብላሲዩስ ብሩደር በ1834 ወደዚያ መጥቶ ሥራውን ተከለ፥ ልጆቹም ጥበቡን ወረሱ። ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ሠሪዎች ተከተሉ፥ ከፓሪስም ጋቭዮሊ በዚያው ቅርንጫፍ አቆመ። በየትርዒቱ ሜዳ የእንጨት ፈረሶች ሲሽከረከሩ የሚያጅቡ ብዙ ኦርጋኖች ከዚህች ሸለቆ ወጡ። በዚያ አካባቢ በ1884 የተወለደው ካርል ፍራይ በ1920 በሆላንድ በብሬዳ ከተማ የሥራ ቤት ከፍቶ የሆላንድን የጎዳና ኦርጋን ለስላሳ ድምፅ ሰጠው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ቫልድኪርኽ ተመልሶ እስኪሞት ድረስ በሥራው ጸና።

በሃያኛው መቶ ዓመት የሸክላ ማጫወቻና ራዲዮ በመጡ ጊዜ ገበያው ወደቀ፥ ሠሪዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ጦርነቱም የተረፈውን አጠፋ። በ1832 በፎርንባኽ ተመሥርቶ በ1872 ወደ ፍራይቡርግ የሄደው የቬልተ ቤት በጥቅል ወረቀት የሚዘምሩ ኦርጋኖችን በመሥራት የታወቀ ነበረ፤ በኖቬምበር 1944 ፍራይቡርግ በአየር በተደበደበች ሌሊት ፋብሪካው ተቃጠለ። ከዚህ ቤት ሥራዎች አንዱ ግን ታሪኩ የተለየ ነው። በስዊስ አገር በዜቨን መንደር በሚገኘው ቤተ መዘክር አንድ ታላቅ የቬልተ ኦርጋን ቆሟል። በ2007 ሲታደስ፥ ከውጭ በማይታይ ስፍራ የመርከብ ስም ተጽፎበት ተገኘ፤ ብሪታኒክ የሚል ነው። ይህችም የታይታኒክ ታናሽ እኅት የነበረችው መርከብ ናት። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ የቍስለኞች ማመላለሻ ስለ ሆነች ኦርጋኑ ሳይጫንባት ቀረ፤ እርስዋም በ1916 በኤጅያን ባሕር ፈንጂ መትቷት ሰጠመች። ኦርጋኑም በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ሲያልፍ ኖሮ በመጨረሻ ዜቨን ደረሰ። ቬልተዎች በ1913 የጀርመኑን ሙዚቀኛ የማክስ ሬገርን የኦርጋን አመታት በወረቀት ጥቅል ይዘውት ነበር። ሬገር በ1916 ሞተ፤ የእጁ አካሄድ ግን እንዲህ ባሉ ጥቅሎች ላይ ቀርቶ ዛሬም ይሰማል።

እንግዲህ እነዚህን ስፍራዎች የዞረ መንገደኛ በመጨረሻ ወደ ሠሪው ቤት ሲገባ ለጥያቄው መልስ ያገኛል። በቫልድኪርኽም በኡትሬክትም በሥራ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ወናፍ ተፈትቶ ይታያል። እንጨቱ መቶ ዓመት ይቈያል፥ ናሱም ከዚያ ይበልጣል፤ የወናፉ ቈዳ ግን በጥቂት ዐሥርታት ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትውልድ እንደ ገና ቈዳ ማልበስ አለበት፤ ይህም የሚያልብስ ሰው ከሌለ ኦርጋኑ ያማረ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለሠሪው ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ በበርሜሉ ላይ የሚደርስበት ሙግት ነው። የጐበጠውን አሮጌ ችንካር ቢያወጣው ያን ጥንታዊ እጅ ምስክር ያጠፋል፥ ቢተወው ዜማው ይንኮታኰታል። መልካሞቹ ጠቢባን አስቀድመው ያለውን ሁሉ ለክተው፥ ሥለውና ጽፈው ካኖሩ በኋላ ከሚያስፈልገው በላይ አንዳች አይነኩም፤ ያደረጉትንም የሚመጣው ሠሪ መልሶ ሊፈታው እንዲችል አድርገው ይሠሩታል። የተቀደደ የብራና መጽሐፍ የሚጠግን ሰው የጥንቱን ጽሕፈት በራሱ ቀለም እንደማይሸፍን ሁሉ ይህም እንደዚሁ ነው።

በ2017 የጀርመን አገር የኦርጋን ሥራና የኦርጋን ዜማ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። የተመዘገበውም ዕቃው ሳይሆን በሰው እጅና በልብ ያለው ጥበብ ነው፤ ይህም በማስተዋል የተደረገ ነው። መቺ የለውም የተባለው ኦርጋን ተተክሎ ከማያልቅ የሰው እጅ በቀር ሕይወት የለውምና፤ ዜማውን የደረሰው፥ ችንካሩን የተከለው፥ መዘውሩን ያዞረው፥ ቈዳውን ያደሰው፥ ሁሉም መቺዎቹ ናቸው። ሱልጣን መሕመድ በ1599 ሰው አለን ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ዛሬ ከሠሪው ጠረጴዛ አጠገብ መዶሻ ይዞ በመማር ላይ ያለው ደቀ መዝሙር ነው።