የመኪና ኤሲን ከአር-12 ወደ አር-134ኤ መቀየር

በአሮጌ መኪኖች ኤሲ ውስጥ የነበረውን አር-12 ጋዝ በአር-134ኤ የመተካት ሥራ ነው። አር-12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ቁጥጥር ሥር ገባ፤ አሜሪካም ምርቱን በ1995 መጨረሻ አቆመች።

ዋናው ጣጣ ዘይቱ ነው። የቀድሞው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ በመስመሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩ ቅባት አጥቶ ይነክሳል። ስለዚህ አሮጌው ጋዝ በማሽን ተስቦ ይወጣል፣ ዘይቱ በኤስተር ወይም በፓግ (PAG) ዘይት ይተካል፣ እርጥበት መጣጩ ድራየርና የጎማ ማሸጊያዎቹ (ኦሪንጎቹ) ይቀየራሉ፣ መስመሩም በቫኪዩም ፓምፕ ይደርቃል። አዲሱ ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይሞላል፤ ሲበዛ ግፊቱ ያይላል።

አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነውና እሱንም አየር ላይ መልቀቅ አይገባም።