ውስብስብ የጤና ችግር ያለባቸው ሕሙማን በጤና ጣቢያ የሚስተናገዱበት አሠራር

በኢሉአባቦር ዞን በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ በሁሩሙና በቡሬ ከተሞች እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖረው ሕዝብ የመጀመሪያ የሕክምና በሩ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው። የሕሙማን ችግር ውስብስብ በሚሆንበት ጊዜ በእነዚህ ተቋማት የሚሰጠው ውሳኔ የታካሚውን ሕይወትና የቤተሰቡን ጥሪት ይወስናል።

በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየገጠር ቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር የሚደራጁ ሲሆን፣ ጤና ጣቢያው በገጠር 25 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። ከአቅም በላይ የሆኑ ሕሙማን በሰዎች ለሰዎች ድርጅት መሥራች በካርል ሃይንዝ በም ስም ወደሚጠራው መቱ ካርል ሆስፒታል፣ ከዚያም ሲያልፍ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ይላካሉ።

ውስብስብ ታካሚ የሚባለው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሕመም ያለበት ብቻ አይደለም። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም የተደራረቡበት፣ ከኤች አይ ቪ ጋር ቲቢ የያዘው፣ በሚጥል ሕመም ምክንያት ከሰው የተገለለ ሁሉ በዚህ ይካተታል። «ሁለመናዬን ያመኛል» እያለ በተደጋጋሚ የሚመጣና በላቦራቶሪ ምርመራ ምንም የማይገኝበት ታካሚም የዚሁ ክፍል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በየጊዜው የጨጓራና የታይፎይድ መድኃኒት እየታዘዘ፣ የድብርት ሕመሙ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። መርፌ ካልተወጋሁ የሚል፣ በወረፋ ተማሮ የሚቆጣ፣ ወይም ጸበል በመጀመሩ የዘወትር መድኃኒቱን ያቋረጠ ታካሚም ምክክሩን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን የሕክምና መመሪያ ከአገሪቱ ሁኔታ ጋር በማጣጣም እ.ኤ.አ በ2017 ለጤና ጣቢያዎች አቅርቧል። መመሪያው ባለሙያው ከበሽታው ስም ሳይሆን ታካሚው ከሚናገረው ምልክት እንዲነሳ ያደርጋል። አስቸኳይ የሆነውን አስቀድሞ ይለያል፤ የአእምሮ ጤናንም ከሌላው ሕመም ጋር አብሮ ያያል። በምክክር ወቅት ባለሙያው ማዳመጥ፣ መወያየት፣ የታካሚውን ስሜት መረዳትና የተስማሙበትን ማጠቃለል ይጠበቅበታል። ጸበል የጀመረውን ታካሚ ከመገሠጽ ይልቅ መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስድ ማግባባት የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

በዞኑ አብዛኛው ታካሚ ሕመሙን የሚያስረዳው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማይናገር ባለሙያ በአስተርጓሚ በሚጠቀምበት ጊዜ የታካሚውን ልጅ ወይም ባል ማስተርጎም ለኤች አይ ቪ፣ ለቤተሰብ ምጣኔና ለቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳዮች አይመከርም። የሥራ ባልደረባ ቢያስተረጉምና ታካሚው ለብቻው የሚናገርበት ክፍል ቢኖር ምስጢሩ ይጠበቃል።

ታካሚን ወደ ሆስፒታል መላክ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የሪፈራል ወረቀቱ የተደረገውን ምርመራ፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የተላከበትን ምክንያት ካልያዘ ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ቤተሰቡም የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ያወጣል። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህንም የሪፈራል ቅደም ተከተልን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ወረቀት ሳይዝ የሚሄድ አባል ከኪሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል።

ለዘለቄታዊ ክትትል በአገሪቱ የተገኘ ልምድ አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ታካሚው የራሱ መዝገብና የቀጠሮ ቀን ኖሮት፣ ሲቀርም ቤቱ ድረስ የሚፈለግበት አሠራር ተዘርግቷል። ይኸው አሠራር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለሚጥል ሕመም ሊውል የሚችል ነው።

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር። ሆኖም በቀን በርካታ ሰው የሚያይ አንድ ነርስ ወይም የጤና መኮንን በመልካም ፈቃድ ብቻ የሚፈለገውን ጊዜ ሊሰጥ አይችልም። በመሆኑም የዘወትር መድኃኒት ሳይቋረጥ እንዲቀርብ፣ ተመላላሽ ታካሚዎች በተቻለ መጠን በአንድ ባለሙያ እንዲታዩና የቀጠሮ ቀናቸው ከገበያ ቀን ጋር እንዲጣጣም ማድረግ የወረዳ አስተዳደርና የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ድርሻ ይሆናል።