ባርኔት ኒውማን

ባርኔት ኒውማን (ጃንዋሪ 29 ቀን 1905 – ጁላይ 4 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ሠዓሊ፣ ቀራፂና የሥነ ጥበብ ጸሐፊ ነበር። ከማርክ ሮትኮና ከክሊፎርድ ስቲል ጋር «የቀለም መስክ» በሚባለው የረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ዘይቤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በታወቁት ሥዕሎቹ ላይ የሚታየው በአንድ ቀለም የተሸፈነ ሰፊ ሸራና ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ነው። ኒውማን ግን ለጌጥ አልሠራቸውም፤ ሰው ስለ ህልውናው፣ ስለ ሞትና ስለ ፈጣሪ የሚያነሣቸውን ጥያቄዎች ያለ ምስል ለማቅረብ የሞከረባቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ኒውማን የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ ሲሆን፣ ወላጆቹ በሩሲያ አገዛዝ ሥር ከነበረችው ፖላንድ የመጡ አይሁድ ነበሩ። በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና አጥንቶ በ1927 ተመረቀ። ሥዕልን ደግሞ በአርት ስቱደንትስ ሊግ ተምሯል። ከዚያም በአባቱ የወንዶች ልብስ ማምረቻ ሠራ። በ1936 አናሊ ግሪንሃውስን አገባ፤ መምህር የነበረችው ባለቤቱ ሥዕሎቹ ባልተሸጡባቸው ረጅም ዓመታት ኑሯቸውን በደመወዟ ትደግፍ ነበር።

ኒውማን የመጀመሪያ ሥራዎቹን አጥፍቷቸዋል። ዓለም በጦርነት በፈራረሰችበት ዘመን እንደ ቀድሞው አበባና እርቃን ገላ እየሣሉ መቀጠል አይቻልም ብሎ ያምን ስለነበር፣ ሥዕልን ከመነሻው እንደ አዲስ መጀመር እንደሚያስፈልግ ተሰማው።

«ዋንመንት አንድ»

ይህን አዲስ መነሻ ያገኘው በ43ኛ የልደት ቀኑ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1948 ነው። በጥቁር ቀይ በተቀባ ትንሽ ሸራ መሐል ላይ ከላይ እስከ ታች የሚለጠፍ ጥብጣብ አድርጎ፣ ቀለም ለመሞከር ደማቅ ቀይ ቀባበት። ከዚያ ሥራውን አቆመ፤ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ስምንት ወር ያህል አሰበበት። በኋላ «ዚፕ» የተባለው ይህ መስመር በእሱ አመለካከት ሸራውን ለሁለት የሚከፍል ሳይሆን አንድ የሚያደርግ ነው። የሥዕሉም ስም «አንድ መሆን» የሚል ትርጉም አለው።

የልዕልና ሐሳብ

በፍልስፍና «ልዕልና» ማለት ከውበት የተለየ ስሜት ነው። ውበት በልክነቱና በቅርጹ ደስ ሲያሰኝ፣ ልዕልና ግን እንደ ገደል፣ እንደ ማዕበል ወይም እንደ ሰማይ ስፋት ከሰው አቅም በላይ በሆነ ነገር ፊት የሚሰማ ከፍርሃት ጋር የተቀላቀለ አድናቆት ነው። ጉዳዩን ኤድመንድ በርክ በ1757፣ ኢማኑኤል ካንት ደግሞ በ1790 በሰፊው ጽፈውበታል።

ኒውማን በ1948 መጨረሻ ባሳተመው «ልዕልና አሁን ነው» በተሰኘው ጽሑፉ፣ የአውሮፓ ሥነ ጥበብ ከግሪኮች ጀምሮ ልዕልናን ፍጹም ከሆነ ቅርጽ ጋር ስላምታታው ሊደርስበት አልቻለም ሲል ተከራከረ። በእሱ አስተያየት የአሜሪካ ሠዓሊያን ከዚህ ውርስ ክብደት ነፃ ስለሆኑ፣ ያለ አፈ ታሪክና ያለ ምስል ከገዛ ስሜታቸው ሊሠሩት ይችላሉ።

ሐሳቡ በጉልህ የሚታየው በ1950 እና 1951 በሠራው «ቪር ሄሮይከስ ሰብሊሚስ» ላይ ነው። የላቲኑ ስም «ጀግና፣ ልዕልና ያለው ሰው» ማለት ነው። ቀይ ሸራው 2.42 ሜትር ከፍታና 5.42 ሜትር ርዝመት ሲኖረው አምስት ዚፖች አሉት። በ1951 ዐውደ ርእዩ ላይ ኒውማን ተመልካቾች ከሥዕሎቹ እንዳይርቁ፣ ይልቁንም ቀርበው እንዲያዩ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ሰው ሲቀርብ የሸራውን ዳር በአንድ እይታ መጨረስ ስለማይችል የቆመበትን ቦታና የገዛ አካሉን ያስተውላል። ለኒውማን ልዕልና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፍኖተ መስቀል

ኒውማን በ1957 የልብ ሕመም አደጋ ደረሰበት። በተከታዩ ዓመት የጀመራቸውን 14 ሥዕሎች የፈጸመው በ1966 ነው። ሁሉም ባልተቀባ ሸራ ላይ በጥቁር ወይም በነጭ ብቻ የተሠሩ ናቸው። «ፍኖተ መስቀል» ብሎ ሲሰይማቸው በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ላማ ሰበቅታኒ» ተብሎ የሚነበበውን የመስቀል ላይ ጩኸት ንዑስ ርዕስ አደረገው። በካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ፍኖተ መስቀል አሥራ አራት የሕማማት ክንውኖችን በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ኒውማን ግን ክንውኖቹን ትቶ መልስ ያላገኘውን አንድ ጥያቄ ብቻ ያዘ። ሥዕሎቹ በዚያው ዓመት በጉገንሃይም ሙዚየም ሲታዩ፣ አንዳንድ ሐያስያን ርዕሱና ጥቁር መስመሮቹ ምን አገናኛቸው ሲሉ ነቀፉት። ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ይገኛሉ።

አቀባበልና ተጽዕኖ

በ1950 እና 1951 ያሳያቸው ሁለት ዐውደ ርእዮች ተቀባይነት አላገኙም። ክብር ያገኘው በተለይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። ከሞተ በኋላም ሥራዎቹ ቁጣ ቀስቅሰዋል፦ በ1986 በአምስተርዳም ስቴደሊክ ሙዚየም አንድ ሰው «ቀይን፣ ቢጫንና ሰማያዊን ማን ይፈራል» ከተባሉት ሥዕሎች ሦስተኛውን በስለት ቆራረጠው። ይኸው ሰው በ1997 ተመልሶ «ካቴድራ» የተባለውን ሥዕል ቀደደ። የመጀመሪያው ሥዕል ከታደሰ በኋላ የቀለሙ ጥልቀት ጠፍቷል የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቷል።

ሐያሲው ቶማስ ሄስ የኒውማንን ሥራ ከአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ከካባላ ጋር አያይዞ ተርጉሞታል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፍራንስዋ ሊዮታር ደግሞ በ1980ዎቹ ስለ ልዕልና ሲጽፍ ኒውማንን ዋና ምሳሌው አድርጎታል። ከቅርጻ ቅርጾቹ የታወቀው «የተሰበረው ሐውልት» በሂውስተን ከሮትኮ ጸሎት ቤት ፊት ለፊት የቆመ ሲሆን፣ ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ተደርጓል።