የነዋሪው ወንበርና የቀበሌው ሣጥን

ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ጉቴን የመሰለ ከተማ ማን ያስተዳድረዋል ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «ማዘጋጃ ቤቱ ነዋ!» ብለን እናልፈዋለን። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤቱ ቦርድ አለው፤ የውኃ አገልግሎቱ ቦርድ አለው፤ ጤና ጣቢያው ቦርድ አለው፤ ቀበሌው ምክር ቤት አለው፤ ዕድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዥ አለው። በትንሽ ከተማ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሃያና ሠላሳ የማይሞሉ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ነጋዴው፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው፣ ከአንዱ ስብሰባ ተነሥተው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ደመወዝ የላቸውም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው፣ እነዚህ ሰዎች ወንበሩን ከማን አገኙት? ወንበሩ ላይ በተቀመጡበት ዘመን ሁሉ የገንዘቡ ሣጥን ቁልፍ በማን ኪስ ነበር? የሚለውን ነው።

በወለጋ ምድር ሰው ተሰብስቦ መምከሩ ከማዘጋጃ ቤት ጋር የመጣ አይደለም። የሜጫ ኦሮሞ በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር ሕግ ሲደነግግ፣ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ከገዳ ወደ ገዳ ሲተላለፍ ኖሯል። ኋላ በሌቃ የሞቲዎች አገዛዝ ሲነሣ የጉባኤው ኃይል እየቀነሰ፣ የጌታው ግቢ ኃይል እየጨመረ መጣ። ሞረዳ በከሬ በ1870ዎቹ ለምኒልክ ከገበረ በኋላ፣ ልጁ ኩምሳ (በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) ነቀምቴን ከቤተ መንግሥታቸው ሆነው አስተዳደሩ። ያ ግቢ ኋላ ሙዚየም ሆኗል። ጃርሱማ፣ ማለትም በሽማግሌ መታረቅ፣ በዚህ ሁሉ መካከል አልጠፋም። ዳሩ ግን ከተማ የሚባለው ነገር ሲቆረቆር የከተማው ጉዳይ የጌታው ጉዳይ ሆኖ ነው የተወለደው። ይህን መያዝ ይገባል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ የመጣው ሕግ ሁሉ ነዋሪውን «ና፣ ተቀመጥ» ያለው እንግዳ እንደሚጋብዝ ባለቤት ሆኖ ነው።

የመጀመሪያው ግብዣ ከጠላት ወረራ በኋላ የመጣ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ስለ ከተሞች አንዳንድ አንቀጽ ነበረው፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ደግሞ ነገሩን ዘርዝሮ አስቀመጠው። በአዋጁ መሠረት ለከተማ ምክር ቤት ይቋቋምለታል፤ በምክር ቤቱም የየሚኒስቴሩ ወኪሎች ይቀመጣሉ፤ ከነሱ ጋር በየዓመቱ የሚመረጡ ሰባት ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ይገባሉ። ሰባት ወንበር! ለጊዜው ትንሽ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ሰባት ሰዎች ከማንም የሚመረጡ አልነበሩም፤ ባለ ርስት፣ ባለ ቤት፣ በከተማው የታወቀ ሥራ ያለው ሰው መሆን ነበረባቸው። ጭሰኛው፣ ተከራዩ፣ ጠላ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛው የሉበትም። የተወሰነውም ነገር ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ፈቃድ ውጭ አይራመድም። የገበያ ቀረጡና የቄራው ክፍያ ከነዋሪው ይሰበሰባል፤ ምን ላይ እንደሚውል የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ያ ምክር ቤት ምክር ይሰጥ ነበር እንጂ ያስተዳድር ነበር ለማለት ያስቸግረናል።

ሁሉ ነገር የተገለበጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በዚያ ቀን ወጣ። ስለዚህ አዋጅ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው የተወረሰውን ቤት ነው፤ እኛ ደግሞ ብዙም የማይነሣውን ክፍል እናንሣ። አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትን፣ ያው በየሰፈሩ «ቀበሌ» የምንላቸውን፣ አቋቋመ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ኪራይ ቀበሌው ራሱ እንዲሰበስብ ፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ቀበሌው በሰበሰበው ገንዘብና ከመንግሥት በሚያገኘው ድጎማ መንገድ ይጠርጋል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያቋቁማል፣ ገበያ ያደራጃል ተባለ። እስቲ በትንሽ ከተማ ዓይን እንየው። አዲስ አበባ ላይ ትልልቁ ቪላ ከቀበሌ እጅ ወጥቷል፤ በነቀምቴና በጉቴ ግን በ1967 ከመቶ ብር በላይ የሚከራይ ቤት ከወዴት ይገኛል? እንግዲህ የትንሽ ከተማ ኪራይ ከሞላ ጎደል ሁሉ በነዋሪው ኮሚቴ እጅ ገባ ማለት ነው። በከተሞቻችን ታሪክ ነዋሪው ወንበርና ሣጥን በአንድነት ያገኘው ያን ጊዜ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሌላም መገለባበጥ አለ። በ1937 ለመመረጥ ቤት መኖር ያስፈልግ ነበር፤ በ1967 ትርፍ ቤት የነበረው ሰው ለአንድ ዓመት እንዳይመረጥ ተከለከለ። ፍትሕ ነው ያለም ነበር፣ በቀል ነው ያለም ነበር። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። የተከራዩ ኪራይ ከመቶ 15 እስከ 50 ተቀነሰለት፤ ማታ ማታም ተሰብስቦ ስለ ቦይና ስለ መንገድ መብራት ይከራከር ጀመር። የሰፈር ጠብ ደግሞ የሰፈር ሰው በሚዳኝበት ፍርድ ሸንጎ መታየት ጀመረ። ለአንዲት ደሃ ሴት በጠበቃና በአበል ወጪ ነቀምቴ ድረስ ከመመላለስ ይኸ ስንት ይሻላል!

ነገሩ እንዲህ ቢቀጥል ምንኛ በተወደደ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ሲወጣ ቀበሌው፣ ከፍተኛውና ማዕከላዊው ማኅበር በሦስት እርከን ተደራጁ፤ ሥልጣናቸውም ሰፋ። የሕዝብ ደኅንነት ጥበቃ ኮሚቴም ተጠናከረ። ቀበሌው ያን ጊዜ መሣሪያ ያዘ። ኢሕአፓና መኢሶን ይፋለሙ የነበረው በጋዜጣ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ማን ይሁን በሚለውም ላይ ነበር። የመኢሶኑ መሪ ኃይሌ ፊዳ የወለጋ፣ የአርጆ ሰው እንደነበሩ አንባቢ ያስታውሳል፤ ድርጅታቸው ቀበሌውን የሰፊው ሕዝብ ሥልጣን መሠረት አድርጎ አይቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር ሆነ። ኪራይ ይሰበሰብበት የነበረው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰው ይታሰርበት ጀመር፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቤት ለቤት አሰሳ ወጡ። ነሐሴ 1969 ላይ መኢሶን ራሱ ከደርግ ተጣልቶ ተሸሸገ፤ ኃይሌ ፊዳም ተይዘው ኋላ ተገደሉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ነዋሪው ሥልጣን ቢሰጠው ይኸው ነው የሚያደርገው» ሲሉ እንሰማለን። እኛ አንስማማም። የሰፈሩ ሰው ቦይ አስቆፍሩልን ብሎ የመረጠውን ኮሚቴ ሰው እንዲያስር ያዘዘው የሰፈሩ ጉባኤ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ተጠሪነቱ ወደ ላይ ሲሆን፣ ከታች ያለው መራጭ ሊያወርደው አቅም አጣ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ የሰፈሩን ሰው በስም፣ በመልክ፣ በዘመድ የሚያውቅ ኮሚቴ ለውኃ ማደል እጅግ የተመቸ ነው፤ ለሰው ማደንም እንዲሁ።

ሣጥኑስ? እሱም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። በ1967 የተቀነሰው ኪራይ ለብዙ አሠርት ዓመታት እዚያው ላይ ቆመ፤ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ግን አልቆመም። ቤቱ ሲያፈስ ተከራዩ ወደ ቀበሌ ይሄዳል፣ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል። ሰውም ቀበሌን በሌላ ነገር ማወቅ ለመደ፦ በመታወቂያ፣ በስኳርና በሳሙና ወረፋ፣ በስብሰባ ጥሪ፣ በማኅተም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል፣ ሕዝቡም በቀጥታ ይሳተፍበታል ይላል። መልካም ቃል ነው። በተግባር ግን ወንበሩ በዛ እንጂ ሣጥኑ አልተመለሰም። ለሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባል እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ፤ በአገሪቱ በአጠቃላይ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ወንበር ማለት ነው። በኦሮሚያ ብዙ ደጋፊ የነበራቸው ተቃዋሚዎች ሳይቀሩ ከውድድሩ ወጡ፤ ኢሕአዴግም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያዘ። ሦስት መቶ ሰው ያለበት ምክር ቤት አንድ ቦይ ላይ እንዴት እንደሚወያይ ለማሰብ ይቸግራል፤ የሚቀለው እጅ ማውጣት ነው። በ2005 እንዲሁ ሌላ ምርጫ ተደረገ። በ2010 ይደረጋል የተባለው የአካባቢ ምርጫ ግን ተራዘመ።

እውነተኛው ሥራ በዚህ መካከል ወደ ቦርዶች ሸሸ። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረት ስንት የመማሪያ ክፍል በመዋጮ አሠርተዋል! በውኃ ቦርድ ደግሞ የተጠቃሚ ወኪሎች ስለ ታሪፍና ስለ ቦኖ ውኃ ይመክራሉ። ሆኖም ሰብሳቢው ብዙውን ጊዜ የከተማው ሹም ነው፤ አባላቱም ከየመሥሪያ ቤቱ የሚላኩ ኃላፊዎች ይበዙበታል። የ1937ቱን ምክር ቤት ያስታውሰናል፤ የሚኒስቴር ወኪሎቹ በጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ተተኩ፣ ሰባቱ ነዋሪዎች ወደ ሁለት ሦስት ወረዱ። በአሜሪካን አገር ትናንሽ ከተሞችም የቤተ መጻሕፍት፣ የፕላን፣ የመናፈሻ ቦርዶች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በአብዛኛው በከንቲባ ወይም በምክር ቤት የሚሾሙ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። ልዩነቱ ስብሰባው ቀድሞ በማስታወቂያ መነገሩ፣ ማንም ነዋሪ ገብቶ ማዳመጡና ቃለ ጉባኤውን ጠይቆ ማየቱ በሕግ የተደነገገ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጋር ዕድሩን እናስተያይ። ዕድርን ማንም አዋጅ አልፈጠረውም። ዳኛው ይመረጣል፣ ካልሆነም ይሻራል፤ ሣጥኑ ባለ ብዙ ቁልፍ ነው፣ ቁልፎቹም በተለያየ ሰው እጅ ናቸው። ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል፤ አምስት ብር ቢጎድል እንኳ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እማማ ተነሥተው ይጠይቃሉ። እኚህ እማማ የውኃ ቦርዱ መቼ እንደሚሰበሰብ አያውቁም፤ የነገራቸውም የለም። የዋዩ ቱቃ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በጉቴም፣ በነቀምቴም፣ ውኃውን የሚቀዱት ግን እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው።