ከ1964 እስከ 1994፦ የአሜሪካ ፓርቲዎች ጎራ የለዩበት ዘመን

የአሜሪካ ፖለቲካ ዋልታ ረገጥ መሆኑን የሚክድ ባይኖርም፣ መነሻው መቼ እንደሆነ ግን ጸሐፍት አይስማሙም። አንዱ 1964ን ይጠቅሳል፣ ሌላው 1994ን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኛ ግን ለአንዱ ከመፍረዳችን በፊት በመካከላቸው ያሉትን ሠላሳ ዓመታት ልንመረምር ይገባል፤ ሁለቱም ወገኖች ፈጥነው የሚያልፉት ይህንኑ ዘመን ነውና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ይሰማ የነበረው ቅሬታ የዛሬው ተቃራኒ ነበር። በ1950 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር በሻትሽናይደር ሰብሳቢነት ያቋቋመው ኮሚቴ፣ ፓርቲዎቹ ለመራጩ የጠራ አማራጭ የማያቀርቡ ልል ስብስቦች ናቸው ሲል ወቀሰ። ወቀሳው መሠረት አልጎደለውም። ዴሞክራቶች የሰሜኑን የሠራተኛ ማኅበራትና የደቡቡን የዘር መድልዎ አስከባሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አኑረው ነበር። ጣሪያው መሰንጠቁም በ1948 ታይቷል፤ የፓርቲው ጉባኤ የዜጎችን መብት በመርሐ ግብሩ ሲያካትት የሚሲሲፒ ልዑካንና ከአላባማ ልዑካን ከፊሎቹ አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ በተገንጣዮቹ ስም የተወዳደሩት ስትሮም ተርመንድም 39 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ አገኙ።

የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የድምፅ መዝገብ ከአፈ ታሪክ ይልቅ ሊታመን ይገባዋል። ሴኔቱ ሕጉን 73 ለ27 ሲያጸድቅ፣ ከሪፐብሊካኖች 27 ደግፈው 6 ተቃወሙ፤ ከዴሞክራቶች 46 ደግፈው 21 ተቃወሙ። እንግዲህ በዚያ ቀን ልዩነቱ በፓርቲ ሳይሆን በክልል ነበር። ሕጉን የተቃወሙት የሪፐብሊካኑ ዕጩ ባሪ ጎልድዋተር ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ከገዛ ግዛታቸው ከአሪዞና በቀር ያሸነፉት አምስት የጥልቁ ደቡብ ግዛቶችን ብቻ ነው።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን በፈረሙበት ምሽት ደቡብን ለሪፐብሊካኖች አስረከብን ብለው እንደ ነበር ዘወትር ይተረካል። የዚህ ቃል ምስክር ረዳታቸው ቢል ሞየርስ ናቸው፤ እርሳቸውም ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፉት ትዝታ «ለረጅም ጊዜ» ያሉትን ተራኪዎች «ለአንድ ትውልድ» አድርገውታል። ቃሉን ሐሰት ነው አንልም፤ ዳሩ ግን ርክክቡ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ እንዲመስል አድርጎታል። ሕጉን ከተቃወሙት 21 ዴሞክራት ሴናተሮች ወደ ሪፐብሊካን የተሻገሩት ተርመንድ ብቻ ናቸው፤ ሪፐብሊካኖችም በተወካዮች ምክር ቤት የደቡብን መቀመጫዎች አብላጫ የያዙት በ1994 ነው።

ለዚህ መዘግየት ምክንያት የሚፈልጉ ወገኖች በሁለት ይከፈላሉ። ኬቨን ፊሊፕስ በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ የጀመረው መስመር የዘር ቁጣን ያስቀድማል፤ በ2006 መጻሕፍታቸውን ያወጡት ሼፈርና ጆንስተን የደቡብን ኢኮኖሚ ማደግ፣ ማቲው ላሲተር ደግሞ የከተማ ዳር ሰፈሮችን መስፋፋት ያጎላሉ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው፤ የጎልድዋተርን ካርታ በገቢ ዕድገት ማስረዳት እንደሚያዳግት ሁሉ፣ የኋለኞቹን ዓመታት አዝጋሚ ለውጥም በዘር ቁጣ ብቻ ማስረዳት ያዳግታል። ሰሜኑንም መርሳት አይገባም፤ ሊበራል ሪፐብሊካኖች የነበሩት የኒውጀርሲው ክሊፎርድ ኬዝ በ1978፣ የኒውዮርኩ ጄኮብ ጃቪትስ በ1980 በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ በወግ አጥባቂዎች ተሸንፈዋል።

ኒውት ጊንግሪች ከአትላንታ ዳርቻ ወደ ምክር ቤቱ የገቡት፣ የምክር ቤቱም ውሎ በቴሌቪዥን መተላለፍ የጀመረው፣ በዚሁ መካከል በ1979 ነው። የቀድሞው የታሪክ መምህር የፓርቲያቸው ደጋፊዎች በካሜራው በኩል እንደሚያዩዋቸው ተረዱ፤ ከዴሞክራቶች ጋር መደራደርንም ሽንፈትን እንደ መቀበል ቆጠሩት። በ1994 ሪፐብሊካኖች 54 መቀመጫ ጨምረው ከአርባ ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ያዙ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ፍራንሲስ ሊ እንደሚሉት፣ አብላጫው ወንበር ለሁለቱም ቅርብ በሆነበት ጊዜ ተቀናቃኝን መርዳት ራስን መጉዳት ይሆናል። ስለዚህ መለየትንና መጠላላትን ነጥለን ልናይ እንገደዳለን። የመጀመሪያው በ1964 ተጀምሮ ቀስ በቀስ የተፈጸመ ነው፤ ሁለተኛው የፉክክሩ ፍሬ ነው፤ ያለ መጀመሪያው ግን ሥር ባልሰደደ ነበር።

ያለፈውን መግባባት የሚናፍቁ ጸሐፍት አንድ አኃዝ ይዘው ቢነሡ መልካም ነው። በሚሲሲፒ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች መካከል የተመዘገቡት ከ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ በፊት 6.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ1967 59.8 በመቶ ደርሰዋል። በፓርቲዎቹ መካከል የነበረው ሰላም ከፊሉ የቆመው በመጀመሪያው አኃዝ ላይ ነበር።