ከመፋፋት ምኞት እስከ ውፍረት ሥጋት፦ የሥነ ምግብ ትምህርታችን ታሪክ

በአማርኛ ሕፃን «ፋፋ» ሲባል ጠገበ፣ ሥጋ ለበሰ፣ በደኅና አደገ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ለሕፃናት ላዘጋጀው ገንቢ ምግብ ይህንኑ ቃል ስም አድርጎ ሰጠው። ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ስያሜው ለዘመኑ ተገቢ ነበር፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብም ይህንኑ አጽንቷል። ከዚህም የተነሣ የሥነ ምግብ ትምህርታችን «ምን ጎደለ?» ከሚለው ጥያቄ ተወለደ። ቆይቶ የተገናኘን ሰው «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» ማለትም እስካሁን እንደ ምርቃት ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ የከተማው ኑሮ ከትምህርቱ ቀድሞ ተለወጠ። ለዚህም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ምሳሌ ይሆናል። ስሙ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ድርጅት ሲሆን፣ «ካዜ ኢንቺስ» በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. በአቅራቢያው ከተመረቀ በኋላ አካባቢው የቢሮ፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠፈር እየሆነ ሄደ። የገበሬ ልጅ ደመወዝተኛ ሲሆን ሞፈሩ በወንበር፣ የእግር መንገዱ በመኪና ተተካ፤ ዘይትና ስኳር በዛ፤ የምግቡ ልማድ ግን የድካም ሥራ በነበረበት ዘመን እንደነበረ ቀረ።

በመላ አገሪቱ የተደረጉት የሕዝብና ጤና ጥናቶች ይህንን ለውጥ ያሳያሉ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከልክ በላይ የከሱት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 30፣ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 22 ነበሩ። ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው ግን በዚያው ጊዜ ከመቶ 3 ወደ 8 ከፍ ብሏል፤ ይህም ከገጠር ይልቅ በከተማ ጎልቶ ይታያል። እንግዲህ ረኀብ ሳይወጣ ውፍረት ገብቷል ማለት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ በሽታም ይከተሉታል።

መፍትሔው በከፊል ከመንገድ ይጀምራል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዳንድ ጎዳናዎች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀቁ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ፈርሰው ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠሩ። ነገር ግን ከሠፈሩ ርቆ የሰፈረ፣ ሥራው መሐል ከተማ የቀረ ሰው ቀድሞ በእግሩ ይደርስበት የነበረውን በተሽከርካሪ ይሄዳል። መንገድ መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በመሆኑም ትልቁ ድርሻ የትምህርት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅና ለስላሳ መጠጥ ይዞ የመጣ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። መምህሩ የመጀመሪያውን በድህነቱ፣ ሁለተኛውን በሰውነቱ ሳያሳፍር ሁለቱንም ማስተማር ይገባዋል። ለዚህ የሚያበቃው ሥልጠና «ምን ጎደለ?» ከሚለው ነባር ጥያቄ አጠገብ «ምን በዛ?» የሚለውን ማኖር አለበት። የፊተኛው ጥያቄ ጊዜው አላለፈም፤ የኋለኛው ግን ደርሷል።